የተዋስኳት የላምባ ምድጃ

የዚያን ዕለት ግቢው ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ፤ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጄ፤ ከጎኔ ባለው ክፍል የምትኖረው፣ ጥቂት ስለምትበልጠኝ እታለም የምላት ጎረቤቴ፤ ከአጥሩ በር አጠገብ የሚኖሩት ጡረተኛው ጋሼ፤ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ። የታረደችው ዶሮም ነበረች፣ እሷ ግን ከሰው አትቆጠርም። ባለቤቴ አልነበረም። ሸማ ተራ ልብስ ሰፊ ስለነበር የበዓል ዋዜማ ለእሱ ቀና የማይልበት ቀን ነው። የእታለም ባልም ሶማሌ ተራ ሥራው ላይ ነበር።

ሰዎቹን የምቆጥረው ያለ ምክንያት አይደለም። በቤቴ በር ላይ እሳት ተነሥቶ ልጄ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ ስንቀር ማን እንደነበረና ማን ምን እንዳደረገ በትክክል እንዲታወቅልኝ ስለምፈልግ ነው። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። መርካቶ ውስጥ፣ ሰባተኛ ከሚባለው ሰፈር ብዙም በማይርቅ አንድ የቀበሌ ግቢ አራት ቤተሰብ እንኖር ነበር። የአጥሩ በር አንድ፣ ቧንቧው አንድ፣ ቆጣሪው አንድ፣ ማድቤቱም አንድ። የአንዳችን በርበሬ ሲቁላላ ሌሎቻችን እናነጥሳለን። ከአጥሩ ውጭ ቀኑን ሙሉ የተሸካሚው «ዞር በል፣ ዞር በሉ» አያባራም፤ ወደ ውስጥ ስንገባ ግን ሌላ አገር የገባን ያህል ነበር፤ የልብስ አጠባው፣ የእትዬ ወሬ፣ የጋሼ ሳልና ሬዲዮናቸው። ዛሬ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ጎረቤቴ ምን እንደሚያበስል ከሽታው እንኳ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ጨው ያለቀባት ሴት ሳትጠይቅ ጨው ይመጣላት ነበር።

ቤቴ አንድ ክፍል ነው። መስኮት የለውም። የጀርባ ግድግዳው ከአንድ ነጋዴ የጥጥና የማግ መጋዘን ጋር የተያያዘ ነው፤ ኮርኒሱ ደግሞ አቡጀዲ። መግቢያውም መውጫውም ያው አንዱ በር ሲሆን ከበሩ ፊት በቆርቆሮ የተከለለች፣ ሁለት እርምጃ የማትሞላ መተላለፊያ ነበረች።

እሳት የምፈራ ሰው ነኝ። በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ ላምባ አንድ ልጅ ውሃ መስሎት ጠጣ ሲባል ከሰማሁ ወዲህ ላምባ ቤቴ አላስገባሁም፤ ባለቤቴም ይህን አይቶ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛልኝ። እሱንም ቢሆን ነቅዬ ከወጣሁ በኋላ መንቀሌን ለማየት ከመንገድ እመለሳለሁ። እትዬ «ይቺ ልጅ ቀብር ላይ ብትሆን እንኳ ሶኬት ለማየት ትመለሳለች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ፣ ከቀትር በፊት መብራት ጠፋ። ሽንኩርቱ ተልጧል፣ ዶሮዋ ብልት በብልት ተለያይታ በሎሚና በጨው እየታሸች ነው። የግቢው ማድቤት ጣሪያው ያፈሳል፣ ዝናቡም ጀምሯል። እታለም መጨነቄን አይታ ቡታጋዟን አመጣችልኝ። ቡታጋዝ የምንላት ያቺን ባለ ክር የላምባ ምድጃ ነው፤ ከታች ላምባው የሚገባበት ሆድ፣ ከላይ ዙሪያውን ክሮቹ፣ ከጎኗ ደግሞ ክሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው መዘውር።

እታለም ሙስሊም ናት፣ ከጉራጌ አገር የመጣች። የእኛን ዶሮ ባትበላም በየዓመቱ የፋሲካ ሽንኩርት የምትከትፍልኝ እሷ ነበረች። እኔም በረመዳን እሷ ጋ ቁጭ ብዬ ሳምቡሳ እጠቀልላለሁ። እንዲህ አድርጉ ብሎ ያዘዘን ሰው የለም፤ ግቢው ውስጥ የቆየን ልማድ ነው። የዚያን ዕለትም ባዶ ጆንያ አንጥፈን፣ ትልቁን ሳህን መካከላችን አድርገን ተቀመጥን።

«የእኔስ ዕድል» አለች፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች፤ «ለዶሮው እኔ አለቅሳለሁ፣ አንቺ ትበያለሽ።»

«ዳቦው አለልሽ» አልኳት።

«ዳቦ ለዚህ ሁሉ እንባ አይመጥንም። ደሞ የአምናው ዳቦሽ ኩፍ አላለም ነበር።»

ወደ ቤቷ ከመግባቷ በፊት የላምባውን ማስገቢያ አሳየችኝ። እስከ አፉ እንዳልሞላው፣ ሁለት ጣት ያህል ጎደል እንዳደርገው፣ ላምባ ሲሞቅ ከፍ ስለሚል ቦታ እንደሚፈልግ ነገረችኝ። እሺ አልኳት።

እኔ ግን ሞላሁት። ይኸው ጻፍኩት። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሰዓታት ይፈጃል። መሐል ላይ ላምባው ካለቀ ምድጃዋ እንደጋለች መሙላት ይመጣል፤ የፈራሁት እሱን ነው። እየነደደ ሲሞሉ የተቃጠሉ ሰዎች ወሬ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። አንዴ ሞልቼ ልገላገል ብዬ ጠብ እስኪል ሞላሁት። ሁለት ጣት ማጉደሉ ደግሞ የእታለም ቁጠባ መስሎኝ ነበር።

ያጠፋሁት ይህን ብቻ አይደለም። ልጄ ቤት ውስጥ አልጋ ላይ ተኝታ ስለነበር ከዓይኔ እንዳትርቅ ብዬ ምድጃዋን መተላለፊያው ላይ፣ ከቤቴ በር ፊት አስቀመጥኳት። ሁለቱንም ያደረግኩት ለጥንቃቄ ነበር።

ሽንኩርቱ ውሃውን ጨርሶ ቀላ ማለት ሲጀምር በርበሬ ላመጣ እትዬ ጋ ሄድኩ። አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ስመለስ ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ሆኗል፤ የድስቱን ጎን ይልሳል፣ ጥቀርሻ ያወጣል። ጎንበስ ብዬ መዘውሩን ወደ ታች አዞርኩት። ክሩ ወረደ፣ ነበልባሉ ግን አልቀነሰም። ደግሜ አዞርኩት። ያን ጊዜ ላምባው ከሆዷ ጠርዝ እያዠ በእግሯ ሲወርድ አየሁ፤ እሳቱም ተከትሎት ወረደ። ወዲያው ከላይም ከታችም ነደደች። የበሩ መጋረጃ ጫፍ ተያያዘ።

ልጄ ከእሳቱ ወዲያ ናት። የዶሮው ማጠቢያ ውሃ በሳፋ ሙሉ አጠገቤ ስለነበር ብድግ አደረግኩት። እታለም ከየት እንደደረሰች አላውቅም፣ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ውሃ አትድፊ። ላምባው ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ወደ ልጅቷ ነው የሚሄደው።»

ሽንኩርት እየከተፈች በምታወራበት ድምፅ ነው ያለችው። ሳፋውን ከእጄ ተቀብላ መሬት አስቀመጠች፣ ስንቀመጥበት የነበረውን ጆንያ ውሃው ውስጥ ነከረች። መጋረጃውን በግራ እጇ ቦጭቃ ወደ ጭቃው ወረወረችው። ከዚያ እርጥቡን ጆንያ ምድጃዋን ከነድስቷ አለበሰቻት። ጥቁር ጢስ ከጆንያው ሥር ወጣ፣ እሳቱ ግን ታፈነ። ወደ ቤቱ ደፍ እየፈሰሰ የሚነደው ላምባ ግን ገና አልጠፋም ነበር። ጋሼ ወለላቸውን ሊያስለስኑ ያስመጡትን አሸዋ እትዬ በባልዲ ዝቀው፣ አንድ እግራቸው ላይ ጫማ፣ ሌላው ባዶ ሆኖ መጥተው ደፉበት። ሁለተኛውን ባልዲ እኔ ደፋሁ። ሦስተኛው አላስፈለገም።

እታለም አሸዋውን ረግጣ ገባች። ልጄ አልጋው ላይ ቆማለች። አታለቅስም፤ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ በሩን ታያለች። እታለም አቅፋ አውጥታ ደረቴ ላይ አደረገችልኝ። ከእግር እስከ ራሷ ዳበስኳት፣ ፀጉሯን አሸተትኩት፣ ልብሷን ገልጬ ጀርባዋን አየሁ። ምንም አልነካትም። አላምን ብዬ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እታለም ስትስቅብኝ ቀና ስል ነው እጇን ያየሁት። ከአንጓዋ እስከ ጣቶቿ ቀልቷል፣ ቆዳው ተነሥቷል።

ጋሼ እሳት አደጋ ሊያስጠሩ ከዘራቸውን ይዘው ስልክ ወዳለው ሱቅ ሄደው ነበር። የፋሲካ ገበያ ነው፤ መንገዱ እንኳን መኪና ሰው አያሳልፍም። ተመልሰው መጡና መስመሩ ተይዟል አሉን። እትዬ አሸዋው ላይ ተቀምጠው «መስመሩ እስኪለቀቅልዎ እሳቱ ይጠብቅዎታል ብለው ነው?» አሏቸው። ሁላችንም ሳቅን።

እትዬ ለወጡ ካስቀመጥኩት እንቁላል አንዱን ሰብረው ነጩን እታለም እጅ ላይ ቀቡላት። ዛሬ ቢሆን ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ አፈስላት ነበር፤ ያን ጊዜ የምናውቀው ያንን ነው። እታለም ጥርሷን ነክሳ እጇን አየችና «አሁን ገና ከዶሮ ወጡ ደረሰኝ» አለች።

አመሻሽ ላይ ወንዶቹ መጡ። ወሬው አንድ ሆኖ ጠበቃቸው፤ ምድጃዋ አርጅታለች፣ አደጋውም ከእሷ የመጣ ነው። እትዬ ክፉ ሳያስቡ፣ የሕፃን እናት እንዲህ ያለ ዕቃ አይዋስም አሉ። ጋሼም ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለቤቴ እታለምን አመሰገናት፣ እጇን ሳማት፤ ቀጥሎ ግን ቀስ ብሎ፣ የተበላሸ ዕቃ ለሰው ባይሰጥ ጥሩ ነበር አላት።

እኔ ልጄን ታቅፌ ቆሜያለሁ። እታለም አንዴ አየችኝ። ምድጃዋን ያነሣችው እሷ ናት፤ ላምባው እስከ የት ሞልቶ እንደነበር አይታለች። እናገራለሁ ብዬ አሰብኩ። ልጄን ለእሳት ያቀረብኳት እኔ ነኝ ማለት፣ ያውም በባለቤቴ ፊት፣ አልሆነልኝም።

«እውነት ነው፣ አርጅታለች» አለች እታለም። «እጥላታለሁ።»

በበዓሉ ማግሥት ምድጃዋን አሮጌ ብረት ለሚገዛ ሰጠቻት። ጤነኛ ምድጃ ነበረች።

ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ። እሷ አልተቀየመችኝም። በሚቀጥለው ፋሲካ ያቺን ጠባሳ ያለባትን እጇን ይዛ መጥታ ሽንኩርት ከተፈችልኝ፣ ዳቦዬንም ኩፍ አላለም ብላ አማችው። ልጄ እሷ ቤት ነው ያደገችው ማለት ይቻላል፤ አንዳንዴ በእሷ እጅ ካልሆነ አልበላም ትለኝ ነበር። ሁለታችን ብቻ የሆንባቸው ስንት ከሰዓት በኋላዎች ነበሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ ከውጭ የገበያው ድምፅ ቀዝቀዝ ሲል፣ እሷ ወንፊት ይዛ፣ እኔ ልብስ ስጥፍ። መናገር የሚቻለው ያን ጊዜ ነበር። ያ ሰላም እንዳይነካ ዝም አልኩ።

በኋላ የባሏ ሥራ ወደ ሌላ ቦታ ዞሮ ቤቱን ለቀቁ። ሁለት ጊዜ ልትጠይቀን መጣች። ከዚያ ግቢው ለልማት ፈረሰ፣ እኛም በየዕጣችን ተበታተንን፤ ብትመጣም የምታገኘው አጥር ብቻ ነበር። ጋሼና እትዬ አርፈዋል። ልጄ ዛሬ ራሷ ልጅ አላት። እውነቱን ነግሬያታለሁ፤ ባለቤቴም ዘግይቶም ቢሆን ከእኔ ሰምቷል። ያልሰማችው እታለም ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ከማንም በፊት ታውቀዋለች፣ ግን ከእኔ አፍ አይደለም።

አንዱ ዓለም ገና ከተማ አየኋት ይላል፣ ሌላው ወደ አገሯ ተመልሳለች ይላል። በዚያን ዘመን ከሰባተኛ አጠገብ የኖረች፣ ባሏ ሶማሌ ተራ ይሠራ የነበረ፣ ግራ እጇ ከአንጓዋ እስከ ጣቶቿ የእሳት ጠባሳ ያለባት ሴት የምታውቁ ካላችሁ፣ በሕይወት መኖሯንና የት እንዳለች እባካችሁ ንገሩኝ።