በወንድሜ ጆሮ ያንሾካሾክሁት

ናቲ፣ አንተም እህትህም አርፋችሁ ተቀመጡ፤ ወንበሩን አታንቀጫቅጩት። አንቺ የወንድሜ ልጅ ደግሞ እስክሪብቶሽን ያዢና ያልኩትን ጻፊ፣ እንዳታሳምሪው። የልጅነትሽን ተረት ንገሪኝ ስትይኝ ከርመሻል። ዛሬ የምነግርሽ ቅድም ለልጅሽ ለናቲ የቤት ሥራውን መልስ አንድ በአንድ ስትነግሪው ስላየሁ ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ አባታችን ቀድሞ ስለሞተብን፣ እኔና አባትሽ ያደግነው ዶርዜ አጎታችን ቤት ነው። አጎታችን ሸማኔ ነበር። ቀኑን ሲሸምን ይውልና፣ ሲመሽ ጉሙ ወርዶ ደጁን ሲሸፍነው ምድጃውን ከብበን እንቀመጣለን። ያኔ መብራት የት አለና፣ ኩራዝ ናት፤ ጭሱ እላይ የቀርከሃው ጣሪያ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፣ ዓይናችን ያነባል፣ ከዚያው ጣሪያ ሥር ላሞቹ ያመሰኳሉ፣ ማንም ግን አይነሳም። አጎታችን ተረቱን ይጀምራል እንጂ አይጨርሰውም። ዋናው ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም። «መጨረሻውን ጠዋት አምጡልኝ፤ ከሰው የተዋሳችሁትን ግን አልቀበልም» ይለናል።

አንድ ማታ የነብር ነገረን። ነብሩ አንዲት ሴት ቤት ገብቶ በሩ ሥር ተኛ። ሴትየዋ ከነልጇ ውስጥ ናት፣ ቤቱ ደግሞ እንደኛ ቤት በሩ አንድ ነው። «እንዴት ተረፉ?» አለና ፍሙን ቆስቁሶ ተነሳ።

ያን ሰሞን አጎታችን ከሁለታችን አንዳችንን አርባ ምንጭ ዘመድ ቤት አስቀምጦ ሊያስተምር እንዳሰበ ሰምተናል። ሁለት ለማስተማር አቅም የለውም። የሚመርጠውም በዚህ በተረቱ ነው። አባትሽ መደቡ ላይ ከጎኔ ተኝቶ አለቀሰ። «አልመጣልኝም፣ ምንም አልመጣልኝም» ይላል። ሰባት ዓመቱ ነው፣ ከሲታ። ብተወው ይመጣለት ነበር ይሆናል፤ እኔ ግን ለቅሶ አልችልም። ለኔ ደግሞ መጥቶልኛል። የኛ የቀርከሃ ቤት ከሥሩ ምስጥ ሲበላው ሰፈሩ ተሰብስቦ እንዳለ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ይተክለዋል አይደል? ጆሮው ላይ ተጠግቼ፣ «ጎረቤት መጥቶ ቤቱን ያነሳዋል፣ ሴትየዋና ልጇ ውስጥ ውስጡን አብረው ይራመዳሉ፣ ነብሩ እንደተኛ ሜዳ ላይ ይቀራል» አልኩት።

ጠዋት ሲናገር አጎታችን ሽመናውን አቁሞ ሳቀ፣ ግንባሩን ሳመው። እኔን ሲጠይቀኝ «አላወቅሁም» አልኩ። ከዚያም በኋላ ሁልጊዜ እንደዛው፤ ማታ ለሱ አንሾካሹኬ፣ ጠዋት እኔ አላወቅሁም እላለሁ። መስከረም ላይ አባትሽ ወደ ከተማ ወረደ፣ እኔ ጥጥ ስፈትል ቀረሁ።

በዓመቱ ለመስቀል ክፍል ወድቆ መጣ። አስተማሪው «ጥያቄ ስጠይቀው ዞሮ ከኋላው ያለውን ያያል» ብሎ መልእክት ልኮ ነበር። ሳቅ ናቲ፣ ሳቅ፤ አንተም ሦስት ሲደመር አራት ሲሉህ እናትህን ነው የምታየው።

የዚያን ምሽት አጎታችን ተረት ጀመረና መሀል ላይ አቆመ። አባትሽ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አጎታችንም ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ የሱን ሐሳብ ስታስቢለት ከረምሽ። አሁን ለሱ ምን ቀረው?» አለኝና ፍሙን አመድ አለበሰው። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ተረት አልነገረንም። ያን ዓመት ሁለታችንም ቤት ዋልን፤ አባትሽም ከዚያ ወዲያ ወደ ትምህርቱ አልተመለሰም።

ተረቶቹን ብዙዎቹን ረስቻለሁ። አባትሽ ያን ማታ ያየኝ አተያይ ነው የቀረኝ፤ ተርቦ እጅሽን እንደሚያይ ልጅ። ናቲ ሲጨንቀው ትንሽ ያልቅስ፣ ተሳስቶም ይጻፍ፣ አንቺ አጠገቡ ቁጭ በይ እንጂ አትንገሪው። አባትሽ ይሄን ሲያነቡለት ቅር ይለው ይሆናል፣ ግን ጻፊው። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ሞኝም አይደለም፤ እኔ ነኝ…

ቆይ፣ አባትሽ ነው ከጓሮ የሚጠራኝ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ የተሰጣውን ልብስ ላስገባው ወይስ ይቆይ ይላል። ይሄን አትጻፊው። መጣሁ በይው። እና እንዳልኩሽ፣ ያን ማታ ዝም ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ አባትሽ…