የአባቴ ቀኝ እግር

ዛሬ ጠዋት አባቴን ይዤ ካዛንቺስ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ቀኝ እግሩ እንደ ብረት እየተገተረ እንቅልፍ ከነሳው ከረመ። ኤምአርአይ ተነሳ፣ ደም ተመረመረ፤ ምንም አልተገኘበትም። በመጨረሻ ሐኪሙ የሚወስደውን ኪኒን ሳያቋርጥ የትንፋሽና ሰውነት የማፍታታት ልምምድ እንዲጀምር ወደ ፊዚዮቴራፒስቷ ላከን።

እኔ በሽቄያለሁ። ማለቴ፣ ከላንቻ ድረስ ኮንትራት ታክሲ ይዘን የመጣነው መተንፈስ ልንማር ነው እንዴ?

ፊዚዮቴራፒስቷ ድምጿ ለስለስ ያለ ልጅ ናት። አባቴን አልጋው ላይ አስተኛችውና ዓይኑን አስጨፈነችው።

«አባባ፣ በአፍንጫዎ በረጅሙ ይሳቡ... አሁን ቀስ ብለው ያውጡት። ትከሻዎን ይልቀቁት።»

ለቀቀው። እጁንም ለቀቀ። የአባቴ ፊት እንደዚያ ተፍታቶ አይቼው አላውቅም። በሆዴ ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት።

«ጎበዝ። አሁን ቀኝ እግርዎን ይልቀቁት።»

እግሩ ጭራሽ ብሶበት ተገተረ።

«ይልቀቁት አባባ...»

«አልለቅም።»

ሳቄ መጣ። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የኖረው መኪና ላይ ነው።

«አባዬ፣ ፍሬን መሰለህ እንዴ?» አልኩት ለቀልድ።

ዓይኑን አልገለጠም። «ፍሬን ነዋ» አለኝ። «ከለቀቅኩት ልጅቷን እገጫታለሁ።»

«የቷን ልጅ?»

«ዩኒፎርም የለበሰችውን... ወሎ ሰፈር። አንቺ ሳትወለጂ ነው። ያኔ ፍሬን የያዝኩት ዘግይቼ ነው።»

«ተረፈች?»

እንባው በጆሮው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ። እጁን ልይዘው ፈለግኩ፣ ግን ፈራሁ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ጉልበቱ ላይ እጇን አሳርፋ «ለዛሬ ይበቃናል አባባ» አለችው። እኔን ውጭ ጠርታ ደግሞ «ለሐኪሙ እነግረዋለሁ፤ አባትሽ የሚያናግራቸው ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል። እስከዚያ ትንፋሻቸውን ብቻ አለማምጃቸው፣ እግራቸውን አትንኪባቸው» አለችኝ።

ስንመለስ እሱ ጋቢና፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ስታዲየም አካባቢ አንዲት ሴት መንገድ ልታቋርጥ ስትገባ የአባቴ ቀኝ እግር ወለሉን ጥርቅም አድርጎ ረገጠ።

ይህን ሲያደርግ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! በቃ የሹፌር አመል ነው እያልን ቤተሰቡ በሙሉ ስንስቅበት ነው የኖርነው...