በሳፋ ያለፍኩት ፈተና

አባቴ መርካቶ፣ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ የፕላስቲክ ዕቃ አከፋፋይ ነው። ሳፋ፣ ባልዲ፣ ጆግ። እኔ ደግሞ በአንዲት ትንሽ ቢሮ ሶፍትዌር እጽፍ ነበር። አንድ ቀን ትልቅ የውጭ የቴክኖሎጂ ኩባንያ «ዓርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በቪዲዮ እንፈትንሽ» ብሎ ጻፈልኝ። ደስታዬ ሁለት ቀን አልቆየም። መብራት በፈረቃ የሚጠፋበት ዘመን ነበርና ዓርብ የሰፈራችን ተራ ነበር። ከቢሮ እንዳልፈተን ደግሞ አለቃዬ ከጀርባዬ አይጠፋም።

«ሱቅ ነይ፤ ሕንፃው ጄኔሬተር አለው» አለ አባቴ።

«አባባ፣ መርካቶ ውስጥ ፈተና?»

«ዓርብ ስድስት ተኩል አላልሽም? ጁምዓ እኮ ነው! ሰው ሁሉ ሶላት ላይ ነው፤ ኮሽታ አትሰሚም።»

እውነቱን ነበር። አባቴ ለሶላት ሲወጣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ላፕቶፔን የተገለበጠ በርሜል ላይ አስቀምጬ፣ ኮቴን አስተካክዬ ተቀመጥኩ። ውጭ ጎዳናው በሰጋጆች ተሞልቶ ጸጥ ብሏል። ችግሩ፣ ፈታኙም እንደ ጎዳናው ጸጥ አለ። ሰባት ሰዓት ሆነ፤ የለም። ሰባት ተኩል ሊል ሲል አንድ ፂማም ፈረንጅ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለና «ይቅርታ፣ ስብሰባ ይዞኝ ነው» አለ።

ወዲያው ሶላቱ አለቀ።

የብረት በሮች ተንጓጉ፤ ተሸካሚዎች «ዞር በል! ዞር በል!» እያሉ ወረዱ።

«አደጋ ደርሶ ነው?» አለ ፈታኙ ደንግጦ።

«አይ፣ ገበያ ነው» አልኩት።

ጥያቄውን አቀረበ። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ሦስት ዓይነት ቅንፎች አሉ፤ የተከፈተው ሁሉ በትክክል መዘጋቱን ፕሮግራሙ እንዴት ያውቃል? መልሱን አውቀዋለሁ፤ እንግሊዝኛዬ ግን ከጩኸቱ ጋር አብሮ ወጥቶ ሄዷል። በዚህ መሃል አባቴ አንዲት የረጅም ጊዜ ደንበኛውን አስከትሎ ገባ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ «ቀስ ይበሉ እትዬ፤ ልጄን ፈረንጅ እየጠየቃት ነው» አላቸው።

«ለትዳር?» አሉ ሴትዮዋ፣ ቀስ የሚባለውን ረስተው። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው አዩት። «ፂሙን ቢላጭ ደህና ነው። ሥራ አለው ወይ በይው።»

ቃል ሲጠፋብኝ አጠገቤ ያሉትን ሳፋዎች አነሳሁ። ትልቁን ቀዩን አስቀመጥኩ፤ በውስጡ ሰማያዊውን፣ በዚያ ውስጥ ትንሹን አረንጓዴ። «የሚከፍት ቅንፍ ሲመጣ ለዓይነቱ የተመደበውን ቀለም ሳፋ እጨምራለሁ» አልኩት። «የሚዘጋ ሲመጣ የላይኛውን ሳፋ አያለሁ። ቀለሙ ከገጠመ አነሳዋለሁ፤ ካልገጠመ ጽሑፉ ስህተት ነው።»

ፈታኙ ራሱን በአዎንታ እየነቀነቀ ሳለ አንድ እጅ በካሜራው ፊት አለፈና አረንጓዴውን ሳፋ ይዞ ሄደ።

«ይሄ በደርዘን ስንት ነው?» አሉ እትዬ።

«ያ እጅ የማን ነው?» አለ ፈታኙ።

«የደንበኛ።»

«እሺ፣ አንድ ሳፋ እንዲህ ሳይታሰብ ቢጠፋ ፕሮግራምሽ ምን ያደርጋል?»

«ይጮኻል» አልኩና ወደ ኋላ ዞሬ ጮህኩ፦ «እትዬ፣ በአላህ ይመልሱልኝ!»

ፈረንጁ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። በሁለተኛው ሳምንት «አልፈሻል» የሚል ደብዳቤ መጣ። ቀሪዎቹንም ፈተናዎች አለፍኩና ናይሮቢ ባለው ቅርንጫፋቸው ተቀጠርኩ።

የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ድረ ገጽ ላይ ያለችን አንዲት መጫኛ ቁልፍ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ መቀየር ነበር። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። ከዚያ ለስብሰባው መዘጋጃ ሌላ ስብሰባ ተጠራ። ስለ አረንጓዴ አሥራ አንድ ሰዎች ሐሳብ ሰጡ። አንዱ «የትኛው አረንጓዴ?» ብሎ ሁሉንም እንደገና አስጀመረው።

አባቴ ሲደውል ነገርኩት።

«ለአንድ ቁልፍ ሦስት ሳምንት? እኔ በሦስት ሳምንት ስንት ኮንቴይነር አራግፋለሁ!»

«አባባ፣ ትልቅ ኩባንያ እኮ ነው።»

«ታዲያ መጨረሻው ምን ሆነ?»

«ሰማያዊው ይሻላል ተባለ።»

ስልኩን ሳይዘጋ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሲጣራ ሰማሁት፦ «ኧረ ኑ፣ ይሄንን ስሙልኝ!»