ወላ አንድ

የክለባችን ታሪክ የሚጀምረው ሰንበቴ ገበያ ላይ፣ ከአንድ የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ውስጥ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። እኔ የዚህ ክለብ በረኛ ነኝ፣ አላፍርበትም።

አሰልጣኛችን ከሚሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። ሰንበቴ የሚወርደው ልባሽ መርጦ ሊገዛ፣ አጥብቦና አሳጥሮ ሊሸጥ ነው። አንድ የገበያ ቀን ቦንዳው ሲፈታ ቀያይ ማልያዎች፣ የበረኛ ቢጫ ማልያ ጨምሮ፣ ተያይዘው ወጡ። ደረታቸው ላይ በላቲን ፊደል የተሰፋ አጭር ስም አለ። አሰልጣኙ በአፋን ኦሮሞ ስለተማረ ላቲን አይቸግረውም፤ «ወላ» ብሎ አነበበው። ከዚያ «ወሎ ለማለት ነው፣ ፈረንጅ መቼ አጣርቶ ይጽፋል» አለና ሁሉንም ሰብስቦ ገዛ። ለእኛ ሲያሳየን ደረቱን ነፍቶ ነበር።

«ያገራችሁን ስም ባሕር ማዶ አሰፍቼ መጣሁላችሁ» አለን።

እስከዚያ ቀን ስም አልነበረንም። ጨፋ ሸለቆ ውስጥ ማሽላው ሲታጨድ በተለቀቀው ማሳ ላይ፣ አርብ ከጁምዓ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኳስ የምናባርር ሰዎች ነበርን። ከማልያው በኋላ ግን ወላ ተባልን።

መከራችንም አብሮ መጣ። በእኛ አገር «ወላ አንድ ሰው አልመጣም» ከተባለ፣ አንድ እንኳ አልመጣም ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ጎል ሳናገባ ስንጨርስ የጎረቤታችን የጨፋ ሮቢት ቡድን ደጋፊዎች ዘፈን አወጡልን፦ «ወላ፣ ወላ፣ ወላ አንድ!» እያጨበጨቡ ይዘፍኑታል። ደሜ ይፈላ ነበር። አሰልጣኙ ግን መርፌውን ከከንፈሩ ሳያወጣ «አብሽሩ፣ ስም ለሌለው ማን ይዘፍናል?» ይለናል።

አስተማሪ የሆነው ተከላካያችን ነው አንድ ቀን በስልኩ ሲፈልግ እውነቱን ያገኘው። ወላ ፖላንድ ውስጥ የመንደር ስም ነው፤ እንዲያውም በዚህ ስም የሚጠሩ መንደሮች ብዙ ናቸው። ከመካከላቸው እንደኛው ማልያ የሚለብስ ትንሽ ክለብ አለ። ሜዳውን የደለደሉት ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው። በጦርነት ጊዜ ተበትነው፣ ሲያልፍ የቀሩት ተሰብስበው እንደገና ጀመሩ። ከመጨረሻው ዲቪዚዮን ወጥተው አያውቁም። ከድሮ ፎቷቸው ላይ ተጫዋቾቹ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል፣ ከኋላቸው ወንዝና ላሞች ይታያሉ።

«ወላሂ፣ ይሄ ወንዛችን ቦርከና ነው» አለ አንዱ አጥቂያችን።

እኛም በክፉው ጊዜ ተበትነን፣ ነገሩ ሲረግብ እየተጠራራን የተሰበሰብን ነን። ሰዎቹን ባላውቃቸውም ኮራሁባቸው። ማልያውን ከዚያ ወዲያ ሳጥብ እንኳ በጥንቃቄ ነው።

ዘንድሮ ለውድድር ልንመዘገብ ስንሄድ መዝጋቢው ስማችንን አይቶ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ይሄ ወሎ ነው፤ ተሳስቶ የተጻፈ ስም አልመዘግብም። ቀይሩና ኑ።»

«ጌታው፣ ስማችንን ሜዳ ላይ እናስከብራለን» አለው አሰልጣኙ።

መዝጋቢው ቀልድ ይወዳል። «እንግዲያው መጀመሪያ የምትገጥሙት ጨፋ ሮቢትን ነው። ወላ አንድ ጎል ካልገባባችሁ ስሙ ይጽና። ከገባባችሁ ትቀይራላችሁ።»

አሰልጣኙ እጁን ዘርግቶ ጨበጠው። ጎሉ ላይ የምቆመው እኔ መሆኔን ያሰበበት ሰው የለም።

በጨዋታው ቀን ሦስት አገባን። እኔም የመጣውን ሁሉ መለስኩ፤ እንደዚያ ቀን ተጫውቼ አላውቅም። ሊያልቅ ሲል የማዕዘን ምት አገኙ። አምበላቸው፣ ፍየል የሚነግደው ረጅም ሰው፣ ከሁሉም በላይ ዘሎ በግንባሩ መታት። ጣቴ ነክቷታል። ገባች።

ሦስት ለአንድ አሸንፈን እኔ ሁለቱ ቋሚዎች መካከል ተቀምጬ አለቀስኩ። አሰልጣኙ መጥቶ አነሳኝ።

በማግስቱ ሱቁ ስሄድ ማልያዎቹን ጭኑ ላይ ከምሯል፤ ቃሉን ሊያከብር ነው። ምላጩን ከመጀመሪያው ፊደል ስፌት ላይ ሊያሳርፍ ሲል የጨፋ ሮቢቱ አምበል በር ላይ ቆመ።

«አካም ቡልተን? እንዴት አደራችሁ? ምን እያደረግክ ነው ወንድሜ?»

«ስም ልንቀይር ነው። ቃል ገብቻለሁ።»

ሰውየው ገብቶ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ትናንት ሲሸነፍ እንኳ እንደዚህ ቆጣ ብሎ አላየሁትም።

«እኛ ዘፈን ያወጣነው በዚህ ስም ነው። ደግሞ ዛሬ ወላ ላይ ጎል ማግባት ቀልድ አይደለም። ይህን በረኛ አልፌ አግብቻለሁ ብዬ ለልጆቼ ነግሬያለሁ። ስሙን ከፈታኸው በማን ላይ አገባሁ ልበል?»

አሰልጣኙ ምላጩን አስቀመጠ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ዓይኔ ሞልቶ ነበር።

ሦስታችን አንድ ላይ ወደ መዝጋቢው ሄድን። የተሸነፈው ለአሸናፊው ስም ሲከራከር አይቶ መዝጋቢው እስኪበቃው ሳቀ። ከዚያ ብዕሩን አነሳና በትልቁ «ወላ» ብሎ ጻፈ።

በሚቀጥለው ጨዋታችን የጨፋ ሮቢት ሰዎች መጥተው ከእኛ ደጋፊዎች ጋር ተደባልቀው ቆሙ። ያንኑ የድሮ ዘፈናቸውን አነሱት፣ የእኛዎቹም ተቀበሏቸው። ሁለቱ ቋሚዎች መካከል ቆሜ ሜዳውን ዙሪያውን አየሁት። ወላ አንድ ሰው ዝም አላለም።