ሰዓት ያሰረ አይጥ

የአውቶቡስ መናኸሪያችን የስምሪት ኃላፊ ትክክለኛ ስም በደመወዝ መክፈያው ላይ ይገኝ ይሆናል እንጂ በሰው አፍ አይገኝም። ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ እኔ ትኬት ቆራጯም የምንጠራው «ሰከንድ» ብለን ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሹፌር «ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ ምን አላት?» ቢለው «ስልሳ ሰከንድ አላታ!» ብሎ መለሰለት፤ ስሙ የወጣለት ያን ቀን ነው። ይህን የምተርከውን ግማሹን ራሱ ነው የነገረኝ። ግማሹን፣ ማለትም እሱን የማያስመሰግነውን፣ ሚስቱ አሟላችልኝ።

ሰከንድ ሁለት አውቶማቲክ ሰዓቶች ነበሩት። አንደኛው በሥራ ቀን ከእጁ የማይለየው፣ እሱ ራሱ መርጦ የገዛው ነው። ሁለተኛው ልብስ ሰፊ የነበሩት የሚስቱ አባት የተዉለት ነው። ሽማግሌው ሊሞቱ ሲሉ አልጋ ላይ ሆነው ሰዓቱን ከእጃቸው ፈቱና «ይሄ የሚያከብረው ሰው ጋ ይሁን» ብለው ለአማቻቸው ሰጡት። ብቸኛ ልጃቸው፣ የሰከንድ ሚስት፣ እዚያው ከራስጌያቸው ቆማለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እሷም ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም አለች።

እንግዲህ አውቶማቲክ ሰዓት ባትሪ የለውም። ውስጡ አንዲት ግማሽ ክብ ብረት አለች፤ እጅ ሲወዛወዝ ትዞራለች፣ እሷ ስትዞር ሰዓቱ ይሞላል። እጅ ላይ ካልዋለ ግን ሁለት ቀን ሳይደፍን ቀጥ ይላል። ሰከንድ የሽማግሌውን ሰዓት የሚያስረው እሑድ እሑድ ብቻ ስለሆነ፣ በሳምንቱ መሳቢያውን ሲከፍት ሁልጊዜ ማክሰኞ ላይ ቆሞ ያገኘዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ሞልቶ፣ አስተካክሎ፣ አስሮ ይወጣ ነበር። ለሰከንድ ግን በገዛ ቤቱ የቆመ ሰዓት መኖሩ የጫማ ሠሪ ልጅ በባዶ እግሩ እንደ መሄድ ያለ ውርደት ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በአንድ ሱቅ መስኮት ውስጥ አንድ ጥቁር ሳጥን አየ። ክዳኑ መስታወት ነው፤ ውስጡ ትንሽ ትራስ አለ፤ ትራሱ ላይ ሰዓት ታስሮ ቀስ እያለ ይዞራል። ባለሱቁን ጠየቀው። «የሰዓት ማዞሪያ ነው» አለው፤ «አንተ ተኛ፣ እሱ ያዞርልሃል።» ሰከንድ እቤት ሲገባ ነገሩን በሩቁ ለሚስቱ አነሳላት። ሚስቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህርት ናት፤ ቀኑን ሙሉ ስትሮጥና ፊሽካ ስትነፋ የምትውል ሴት።

«አንድ ዕቃ መጥቷል አሉ» አላት።

«ምን ያደርጋል?»

«ሰዓት ያዞራል።»

«ለምን?»

«እንዳይቆም።»

የምታጥፈውን ቱታ አስቀመጠችና አየችው። «አንተ ሰው፣ አሁን ደግሞ ለሰዓት ሞግዚት ልትቀጥር ነው?»

ሳቀች። እሱም አብሮ ሳቀ። በሦስተኛው ቀን ገዝቶት መጣ።

ሳጥኑን የሸሸገው ከቁም ሣጥኑ የላይኛው መደርደሪያ፣ ከብርድ ልብሶቹ ጀርባ ነው። በትንንሽ ባትሪ የሚሠራ ስለሆነ ሽቦ አያጋልጠውም። የሽማግሌውን ሰዓት ከመሳቢያው አውጥቶ ትራሱ ላይ አሰረው፤ በሩን ዘጋው፤ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰዓት ሁሉ ሠራ። ደስታው ግን ሳምንት አልሞላውም። ለካ ያ ሳጥን ሁለት ደቂቃ ይዞርና አሥር ደቂቃ ያርፋል፤ ሲዞር ደግሞ በቀስታ «ክርርር… ክርርር» ይላል። ሱቅ ውስጥ የመኪና ጩኸት ውጦት አልተሰማም ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰከንድ ጋዜጣ ሲያነብ ሚስቱ ከመኝታ ቤት ተጣራች።

«ና እስቲ! ስማ! አይጥ ገብቶብናል።»

ሄደ። «ክርርር» አለ ቁም ሣጥኑ። እሷ በሩን በርግዳ ስትከፍተው ጸጥ አለ።

«አየህ? ሰው ሲመጣ ዝም ይላል። ብልጥ አይጥ ነው።»

እንግዲህ ሰው እውነት መናገር ያለበት እንዲህ ባለው ሰዓት ነበር። ሰከንድ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ሊሆን ይችላል» አለ፤ «የሆነ አይጥ ሳይሆን አይቀርም።»

በማግስቱ ሚስቱ ወጥመድ ገዝታ መጣች፤ የኦቾሎኒ ቅቤ ቀብታ ራሷ ከመደርደሪያው ጥግ አጠመደችው። ሰከንድም ወንበሩን ያዘላት። ቅዳሜ ጠዋት እሷ ገበያ ስትወጣ ባትሪውን ሊያወጣ እጁን ከብርድ ልብሶቹ ጀርባ ሰደደ፤ ቀጭ! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እዚህ ግን አይጥም የለ፣ የተመታችው የሰከንድ የቀኝ እጅ መሐል ጣት ናት። መናኸሪያ ሲደርስ ጣቱ በፋሻ ተጠቅልላ የሕፃን አሻንጉሊት መስላለች። «ምን ሆነህ ነው?» ብለው «በር ነው» አለኝ። ያን ቀን የመነሻ ወረቀቶቹን በግራ እጁ ጻፈ፤ ሹፌሮቹ ማንበብ አቅቷቸው እየመጡ እኔን ይጠይቁኝ ነበር።

ባትሪውም አልወጣም። የወጥመዱ ነገር አልሆን ሲል የሚስቱ እናት ተጠሩ። ሁለት መንገድ አልፈው ነው የሚኖሩት፤ ድመታቸውን በቅርጫት ይዘው መጡ። ግራጫ፣ ወፍራም፣ በዕድሜዋ አንድ አይጥ ይዛ የማታውቅ ድመት ናት። ሆኖም ቁም ሣጥኑ ፊት ስትቀመጥ ጆሮዋ ቀጥ አለ። «ክርርር» ሲል አንገቷን ወደ ቀኝ ትሰብራለች። ጸጥ ሲል ትጠብቃለች። «ክርርር» ሲል እንደገና።

«አየችው እኮ! አየችው!» አሉ አማቲቱ። «ልጄ፣ ይሄ አንድ አይጥ አይደለም፤ ቤተሰብ መሥርቷል።»

«እማዬ፣ ልብሱን ሁሉ ማውጣት ያስፈልግ ይሆን?» አለች ሚስት።

«ኧረ ምን አደከማችሁ!» አለ ሰከንድ ላብ በላብ ሆኖ። «ራሱ ይሄዳል። አይጥ አንድ ቦታ ብዙ አይቀመጥም።»

ይህን ከየት እንዳነበበው እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ያልቃል። በቀጣዩ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሰከንድ የአምስት ሰዓቱን አውቶቡስ ሊያስነሳ ወረቀቱን በእጁ ይዞ ከመስኮቴ አጠገብ ቆሟል፤ ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት። ድምጿ እኔ ድረስ ይሰማል።

«አይጡን ያዝነው።»

«እ… ጎሽ። ሞተ?»

«ኧረ ደህና ነው። ሰዓት አስሯል።»

ሰከንድ ወረቀቱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ ረዳቱ በሩን ሁለቴ መታው። የአምስት ሰዓቱ አውቶቡስ አምስት ሰዓት ከስድስት ደቂቃ ላይ ወጣ። ሹፌሮቹ ያንን ቀን እስከ አሁን እንደ በዓል ያነሱታል።

ፈቃድ ጠይቆ እቤቱ ሲደርስ ብርድ ልብሱ፣ ካፖርቱ፣ አሮጌው ቱታ ሁሉ አልጋው ላይ ተቆልሏል። አማቲቱ ወንበር ላይ፣ ድመቷ ከእግራቸው ሥር፣ ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። «ክርርር» ይላል። ሰዓቱ ይዞራል። አማቲቱ በመስታወቱ ውስጥ የባላቸውን ሰዓት ትክ ብለው እያዩ ነበር።

«የኔ ልጅ» አሉት፣ «ባለቤቴ በሕይወት ዘመናቸው እንዲህ አምሮባቸው ተሽከርክረው አያውቁም።»

ሰከንድ ሊስቅ ፈለገና ሚስቱን አያት። እሷ አልሳቀችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን እጇን ታያለች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ትስቂብኛለሽ ብዬ ነዋ።»

«እስቅብህ ነበር። ታዲያ መሳቅ ይገድላል?» አጠገቧ ያለውን ብርድ ልብስ ማጠፍ ጀመረች። «እኔም ያልነገርኩህ ነገር አለ። አንተ ሥራ ስትሄድ አንዳንድ ቀን መሳቢያውን ከፍቼ የአባዬን ሰዓት አወጣለሁ። ጆሮዬ ላይ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ መሳቢያው ባዶ ነው፤ እሑድም አላሰርከውም። ሸጠው አልኩ። ወይም ጣለው። እጠይቀው ይሆን፣ ልተወው ይሆን እያልኩ ስበግን ከረምኩ። አይጥ አይጥ የምለው ሌላ ነገር መናገር ስላቃተኝ ጭምር ነው።»

ሰከንድ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን ከትኬቱ ጥራዝ ላይ አላነሳም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሚስቱ ያንን ሰዓት ትፈልገው እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አስቦ አያውቅም ነበር። ለሰዓት የተሰጠ ጆሮ ለሰው ሳይሰጥ ቀረ ማለት ነው።

ግን ሰከንድ ሰከንድ ነው፤ ልቡ ቢሰበርም ክርክሩን አልተወም። «ይሁን እንጂ ሳጥኑ ያስፈልጋል» አለ። «ሰዓት ከቆመ ይበላሻል።» ሚስቱም «እንግዲያው የሚያውቅ ሰው ይፍረድ» አለች። ሰኞ ከሥራ በኋላ ሁለቱም ሰዓቱን ይዘው ሰዓት ሠሪው ዘንድ ሄዱ። ሰውየው የሚሠራው ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ መብራት በምታስገባ ክፍል ውስጥ ነው። ማጉያ መነጽሩን ከግንባሩ ሳያወርድ ሰማቸው።

«ስንት ሰዓት አለህ፣ ወንድሜ?»

«ሁለት።»

«ስንት እጅስ አለህ?»

«ሁለት።»

«እና ሳጥኑ ምን አገባው?» አለ ሰዓት ሠሪው። ሚስት ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀሉት ሰዓቶች ዞር አለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ከቆመ አይበላሽም ወይ?»

«የቆመ ሰዓት የተኛ ሰዓት ነው እንጂ የሞተ አይደለም። መሙያውን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ቀስ ብለህ አዙረው፣ ደቂቃውን አስተካክል፣ እሰረው፤ አለቀ። በየቀኑ የምታስረውን ክንድህ ይሞላዋል። ሳጥኑ ክፉ ዕቃ ነው አልልህም። ሰዓቱ ስምንት አሥር የሆነ ሰው አለ፤ ወርና ጨረቃ ሳይቀር የሚቆጥር፣ አንዴ ከቆመ ለማስተካከል ግማሽ ቀን የሚያስቀምጥ ሰዓት ያለውም አለ። እንደዚያ ላለው ሰው ይጠቅማል። ላንተ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።»

ይህን እያለ የሽማግሌውን ሰዓት ጀርባ ከፈተ። ማጉያ መነጽሩን አውርዶ አጎነበሰ።

«ይሄ መቼ ነው የተጠረገው?»

ሰከንድ አያውቅም። እሱ ዘንድ ከመጣ ወዲህ አልተከፈተም።

«ዘይቱ ደርቋል። አንተ ደግሞ በደረቅ ዘይት ሌት ተቀን ታስሮጠዋለህ። ትንሽ ብትቆይ የማርሾቹ ጥርስ ያልቅ ነበር። ለዚህ ሰዓት ብታስብለት ኖሮ ዕረፍት ነበር የምትሰጠው።»

ሚስቱ እንዳለችኝ በዚያች ቅጽበት የባሏ ፊት አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ፊት መሰለ። ልትቀልድበት አፏን ከፈተችና ተወችው። ክንዱን ይዛ ወጣች።

ሳምንት ቆይቶ ሰዓቱን ሊያመጣ የሄደው ብቻውን ነው። ሰዓት ሠሪው ጠርጎ፣ ዘይት ቀይሮ፣ ፈትሾ አስረከበው። ሰከንድ ግን አልሄደም። «ማሰሪያውን አሳጥርልኝ» አለ።

«ለእጅህ ልክ ነው እኮ።»

«ለእኔ አይደለም።»

እቤት ሲገባ ሚስቱ የስፖርት ጫማዋን እየፈታች ነበር። ሰዓቱን አጠገቧ አስቀመጠና «ይሄ መሮጥ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ወንበር ላይ ነው የምውል» አላት። ከዚህ የተሻለ ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ጠፋበት። እሷ አነሳችው፣ ጆሮዋ ላይ አደረገችው፣ ከዚያ አሰረችው። ለረጅም ጊዜ አንዱን ጫማ ፈትታ አንዱን ሳትፈታ ተቀምጣ ቀረች።

ሳጥኑን ባለሱቁ «የተሸጠ ዕቃ አልመልስም» ስላለ አማቲቱ ወሰዱት። ትራሱ ላይ የላባ ቁራጭ አስረውበት ድመቷ ፊት አስቀምጠውታል፤ ሁለት ደቂቃ ትዘላለች፣ አሥር ደቂቃ ትተኛለች። ሰዓቱን በልጃቸው እጅ ላይ ባዩት ቀን ደግሞ በሳቅ ፈነዱ።

«አባትሽ ለምን እንዳልሰጠሽ ታውቂያለሽ? ጠይቄያቸው ነበር። ‹ልጅቷ ስትዘል ነው የምትውል፤ ሳምንት ሳትቆይ መስታወቱን ታወልቀዋለች› አሉኝ።»

ሚስት ተቆጣች። እኔ ልጅ ነኝ ወይ፣ ዕቃ መያዝ አላውቅም ወይ አለች።

በዘጠነኛው ቀን የመረብ ኳስ ስታስለምድ ኳሱ መጥቶ የሰዓቱን አናት አገኘው። መስታወቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ። ሦስት ቀን ሙሉ በዚያ ሙቀት እጅጌው ረጅም ሹራብ ለብሳ ከረመች። በአራተኛው ቀን እራት ላይ ቀስ ብላ «የዚህ ሰዓት መስታወት…» ስትል ባሏ ጎመኑን እየጎረሰ «ሰኞ ነው» አላት። «ሰኞ አሥር ሰዓት ገደማ። ስትገቢ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ሹራቡ አምሮብሽ ነበር።»

ሰዓት ሠሪው አሁን ወፈር ያለ መስታወት አድርጎለታል። ባለፈው ተማሪዎቿን ለውድድር ይዛ በእኛ አውቶቡስ ስትሄድ ትኬት እየቆረጥኩላት እጇን አየት አደረግሁ፤ አንድ ጭረት እንኳ የለውም። እርግጥ ያን ቀን ውድድሩ የቼዝ ነበር።