አባዬ ለኳርተርባኩ ጥብቅና የቆመ ጊዜ

አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ያንን አፍንጫ የሚሰነፍጥ የጡንቻ ቅባት ተቀብቶ ከሆነ፣ ገና ጃኬቱን ሳይከፍት ይሸተኛል፣ ወዲያውም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ ኮሎምበስ ዳር ባለችው ሂሊያርድ፣ ቤታችን በር ላይ በቆመችው የአባዬ አሮጌ መኪና ውስጥ ተቀምጬ፣ በዚያ ብርድ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ሽታው እስኪወጣ የምጠብቅበት ጊዜ ትዝ ይለኛል። ሽታው መውጣት ነበረበት፤ እማዬ ከሥራ ስትመለስ ምንም ማወቅ አልነበረባትም። በኮሮና ዘመን ደግሞ ለቅባቱ ሽታ «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ብሎ መዋሸት አይቻልም፤ እኛ ቤት አንድ ጊዜ ያስነጠሰ ሰው አፍንጫው ውስጥ የመመርመሪያው ጥጥ ሳይገባ እራት አይበላም ነበር።

በዲቪ ከመጣን ሁለተኛው በጋችን ነበር። አባዬ ዌርሃውስ በሚባለው የዕቃ መጋዘን ውስጥ ከንጋት በፊት ጀምሮ ሳጥን ሲያነሳ ይውልና፣ ከሰዓት በኋላ ከምውልበት የልጆች መዋያ መጥቶ ይወስደኝ ነበር፤ መኪና ውስጥም ደጋፊዎች እየደወሉ ስለ አሜሪካ ፉትቦል የሚከራከሩበትን ሬዲዮ ከፍቶ ይጠብቀኛል። እንግሊዝኛ የሚማረው ከዚያ ነበር። «ዛሬ ያሉትን ነገም ይደግሙታል፤ ዛሬ ካልገባኝ ነገ ይገባኛል» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ጨዋታ በሌለበት በዚያ ሁሉ ጊዜ እንኳ የሚያወሩት ስለ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ኮሎምበስ በዚህ ጨዋታ የራሷ ትልቅ ቡድን ስለሌላት ከፊሉ ሰው የሰሜኑን፣ ከፊሉ የደቡቡን ቡድን ይደግፋል፤ ሰውየው የሰሜኑ ቡድን ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሷን ተቀብሎ ለማን እንደምትወረወር የሚወስነው ተጫዋች ነበር። አንዱ ደዋይ እንደሱ ያለ ክንድ በሃያ ዓመት አንዴም አይገኝም ሲል፣ ሌላው ተነስቶ ከሜዳው ይልቅ ማስታወቂያ ላይ ነው ጎበዝ ይላል፤ አንዲት ሴት ደግሞ እናቱን ይመስል በየሳምንቱ እየደወለች ምግብ በደንብ እንዲበላ ትመክረዋለች። አባዬ «አጅሬ» ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር።

ቅጠሉ ሲረግፍ ጨዋታው ተጀመረ፣ ብዙም ሳይቆይ አጅሬ ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳና እያነከሰ መጫወት ጀመረ። ያኔ ሬዲዮው ለሁለት ተከፈለ፤ «ይቀመጥ» የሚሉና «ይጫወት» የሚሉ። እኛም ቤት ነገሩ ገባ። እሑድ እሑድ ጎረቤታችን ጋሼ ታደሰ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመጡ ነበር፤ ከብዙ ዓመት በፊት በስደተኝነት መጥተው፣ ሠርተው፣ የራሳቸውን ቤት የገዙ፣ በማንም የማይረቱ ሰው ናቸው።

«የማይችል ሰው ቦታ ይዞ ለምን ያስቸግራል? ሽጠው ይገላገሉት!» ይላሉ።

«ጋሼ፣ በአንድ እግሩ እኮ ነው የሚጫወተው! እስቲ ማን ነው እንደሱ የሚችለው?» ይላል አባዬ ፊቱ ቀልቶ።

እማዬ የታጠበ ልብስ ተሸክማ ስታልፍ «ይሄ የእንቁላል ኳስ አሁንም አላለቀም?» ብላ ትሄዳለች።

አባዬ ለሰው እግር ያን ያህል የሚቆረቆርበትን ምክንያት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። መስከረም ላይ ከመደርደሪያ የወደቀ ሳጥን ግራ ትከሻውን መትቶት ነበር። ሥራውን ያስገባው ጊዜያዊ ሠራተኛ የሚያቀርብ ኤጀንሲ ሲሆን፣ ጥቂት ወራት ከቆየ ፐርማነንት፣ ማለትም ቋሚ ሠራተኛ ሊሆን፣ ኢንሹራንስም ሊያገኝ ነበር፤ ተጎድቻለሁ ካለ የሚያሰናብቱት መሰለው። ማንም እንዲህ አላለውም፤ እሱ ነው የፈራው። ለእማዬ ከነገራት ደግሞ በማግሥቱ ሥራ እንዲሄድ እንደማትፈቅድለት ያውቃል። ስለዚህ የመኪናውን ቀበቶ ስቤ የማስርለት፣ ኮቱን የማለብሰው፣ ቅባቱን የማሸው እኔ ሆንኩ። መጀመሪያ ላይ በጣም ኮራሁ፤ ከትልልቆቹ አንዷ የሆንኩ መሰለኝ።

እማዬም የራሷ ምስጢር ነበራት። የምትሠራው ዳውንታውን፣ መሃል ከተማ፣ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ መግቢያ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ትምህርት በሌለበት አንድ ቀን ይዛኝ ሄዳ ሳለ፣ የጠዋቱ ተረኛ ትቶላት የሚሄደው ትንሽ ሬዲዮ የዚያንኑ የደጋፊዎች ጣቢያ ሲያወራ ሰማሁት፤ እማዬም ከሰዓቱን በሙሉ እየሰማች፣ «ዋሸህ!» እያለች፣ አንዳንዴም እየሳቀች ዋለች። አጅሬ የመጨረሻውን ኳስ ለማን መወርወር እንደነበረበት ሁሉ ነገረችኝ። አፌን ከፍቼ ሳያት ጊዜ፣ «ለአባትሽ እንዳትነግሪው፤ የማላውቅ መስሎት ሲያስረዳኝ ደስ ይለዋል» አለችኝ።

የመጀመሪያው በረዶ የወረደ ዕለት ነገሩ መረረ። አባዬ በአንድ እጁ እየነዳ መታጠፊያ ላይ መሪውን ቶሎ መመለስ አቃተው፣ መኪናዋ ተንሸራትታ የእግረኛ መንገዱ ላይ ወጣች፣ ከአንድ ቤት የፖስታ ሣጥን ስንዝር ሲቀራት ቆመች። አባዬ ሳቀና «አይዞሽ፣ ለእማዬ ግን እንዳትነግሪ» አለኝ። እኔ አልሳቅሁም። የግራ እጁን ጣቶች አየኋቸው፤ አብጠዋል። በጣም ፈራሁ።

በሚቀጥለው ሰኞ አጅሬ ተሸንፎ ስለነበር ሬዲዮው እንደ ጉድ ይሰድበዋል፤ አባዬም ቤታችን በር ላይ መኪናውን አቁሞ መልሶ ይሳደባል። «ኮል አድርግላቸዋ!» አልኩትና ስልኩን ከኪሱ አውጥቼ ደወልኩ። ተራችንን ስንጠብቅ የሚለውን አብረን አጠናን። «ዳዲ፣ ስለ ትከሻህ ንገራቸው፤ አለዚያ አይሰሙህም» አልኩት።

«እብድ ነሽ እንዴ? የኛ ሰው ቢሰማስ?»

«ኖ፣ ዳዲ። ማንም አይሰማም» አልኩ። በሕይወቴ አስቤበት የዋሸሁት የመጀመሪያው ውሸት ያ ነው፤ ያን ሰዓት እማዬ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ እየሰማች እንደሆነ አውቅ ነበር።

ተራው ሲደርስ አባዬ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ «ዳዊት እባላለሁ፣ ከሂሊያርድ ነኝ» አለ። «ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ሰነፍ ነው ትሉታላችሁ። እኔ ሳጥን ነው የማነሳው። ዘጠኝ ሳምንት ሆነኝ፣ ግራ እጄ አይነሳም፤ ግን በየቀኑ እሄዳለሁ። እያመመው ሥራው ላይ የተገኘን ሰው አትስደቡ።»

የሬዲዮው ፕሮግራም አዘጋጅ «ወንድሜ፣ ዶክተር አይቶሃል?» ሲል ጠየቀው።

«አላየኝም። ለሚስቴም አልነገርኳት» አለ አባዬ፣ አመስግኖም ዘጋ። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ዓለምን የረታ ይመስል ነበር። እኔ ግን እማዬ የምትገባበትን ሰዓት መቁጠር ጀመርኩ።

እማዬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባች፣ ኮቷንም ሳታወልቅ ፊቱ ቆመች። «እስቲ ሁለቱንም እጆችህን ወደ ላይ አንሳ» አለችው። ቀኙ ወጣ፤ ግራው ደረቱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ማን ነገረሽ?» አላት።

«አንተው ራስህ ነሃ! ለኦሃዮ ሕዝብ በሙሉ!» አለችና አለቀሰች። «ለሬዲዮ የሚነገር፣ ለእኔ የማይነገር ሕመም ምንድን ነው?»

አባዬ ወደኔ አልዞረም። እኔም ከደብተሬ ላይ ቀና አላልኩም።

ሐኪሙ ጅማቱ መበጠሱን፣ ከዚያ በላይ ቢቆይ እጁ ጨርሶ ይሰንፍ እንደነበር ነገረን። አባዬ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ ፐርማነንት የተባለውም ሥራ በዚያው ቀረ። በረዶው ቀልጦ ዛፉ እስኪያብብ ድረስ ቤት ውሎ፣ በታዘዘው መሠረት ጣቶቹን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ እንደ ሸረሪት እያራመደ ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ የደረሰበት ላይ በእርሳስ የማሰምርለት እኔ ነበርኩ። እማዬ ቅዳሜም እሑድም እየሠራች ከሳች። መስመሩ በሳምንት አንድ ጣት ያህል እንኳ ሳይጨምር ሲቀር አባዬ ግድግዳውን ትቶ መስኮቱ ጋ ሄዶ ይቆማል፣ እኔም ሥራውን ያሳጣሁት እኔ ነኝ እል ነበር። እንዲቆጣኝ እፈልግ ነበር፤ ግን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። አጅሬን በዚያው ሰሞን ለሌላ ቡድን ሰጡት፤ በአንድ እግሩ ሲጫወት ያጨበጨቡለትም ሰዎች ስለ ተተኪው መደወል ጀመሩ።

ዛሬ አባዬ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፤ ግራ እጁ እስከ ጆሮው ድረስ ይወጣል፣ ከዚያ አያልፍም። እኔ ኮሎምበስ ውስጥ ዋይንላንድ ፓርክ የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው፣ እሑድ እሑድ ግን ሂሊያርድ እሄዳለሁ። አሁን ስለ ኳሱ ከሁሉም በላይ የምትጮኸው እማዬ ናት፤ አባዬም ሆነ ጋሼ ታደሰ አይችሏትም። ባለፈው አንድ ወጣት ኳርተርባክ ወድቆ፣ እያነከሰ ሲነሳ ስታዲየሙ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበለት። ያኔ ቢሆን እኛም አብረን እናጨበጭብ ነበር፤ አሁን እኛ ቤት ማንም አያጨበጭብም። እማዬ ሻይ ልታመጣ ወደ ጓዳ እንደገባች አባዬ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል፣ «ወይ ጉድ፣ እዚህ ልጅ ቤት የሚያሳብቅበት ሰው የለም እንዴ?» አለ።

ደንግጬ አየሁት። ለካ ሆን ብዬ እንዳስደወልኩት ይህን ሁሉ ዓመት ያውቅ ኖሯል።

«ይኖረዋል፣ አባዬ» አልኩት። «ገና ሬዲዮ ጣቢያ አልደወለችለትም ይሆናል።»

ሁለታችንም ሳቅን። እማዬ ሻዩን ይዛ ብቅ አለችና «ምን ያስቃችኋል?» ስትል ጠየቀችን፤ ማናችንም አልነገርናትም።