ሰላምታ የሌለበት ሳምንት

እንደ እናቴ ሕማማትን የሚወድ ሰው አላየሁም። ለጽድቁ ብላ ነው እንዳልል ልጇ ነኝ፣ አውቃታለሁ። የምትወደው፣ ከታላቅ እህቷ ጋር መኳረፏ የማይታወቅባት በዓመት አንዲት ሳምንት እሷ ብቻ ስለሆነች ነው።

ከሆሣዕና ማግስት ጀምሮ እስከ ፋሲካ ድረስ በእኛ አገር ሰው ከሰው አይጨባበጥም፣ አይሳሳምም፣ "እንዴት አደርክ" እንኳ አይባባልም። ይሁዳ ጌታን አሳልፎ የሰጠው በመሳም ነውና ያ መሳም እየታሰበ ሁሉም ከንፈሩን ይሰበስባል። ካህናቱም መስቀል አያሳልሙም። መንገድ ላይ የተገናኘ ሁሉ መሬት መሬቱን እያየ ይተላለፋል። ሌላው ሰው በዚህ ሲጨነቅ እናቴ ግን ትደላደላለች። ከዘመሮ ገበያ ስትመለስ እህቷን ፊት ለፊት ታገኝና አንገቷን ቀና አድርጋ ታልፋለች። "ምን ላድርግ፣ ሕማማት ነው" ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

የተኳረፉት በአያቴ ተዝካር ላይ ነው። ጠላውን የጠመቀችው አክስቴ ነበረች። እናቴ አንድ ዋንጫ ተቀብላ ቀመሰችና "ይሄ ጠላ ውኃ ውኃ ይላል" አለች። በሹክሹክታ ነው ያልኩት ብላ እስካሁን ትምላለች፤ ዳሱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ግን ሰምቷል። መንዝ ውስጥ ባለሙያ ሴትን ጠላሽ ቀጠነ ከማለት በሬዋን ገደል መስደድ ይቀላል። አክስቴ ያን ዕለት ጋኑን ደፍታ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ማን ይቅደም ሆነ። አክስቴ "ታናሽ ናት፣ መጥታ ጉልበቴን ትሳም" አለች። እናቴ ደግሞ "ያቀጠነችው እሷ፣ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ?" አለች። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተላከ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሽማግሎቹ በሁለቱም ቤት ጠግበው በልተው፣ ሁለቱንም መርቀው ተመለሱ። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

የመሬት ሽግሽጉ ካለፈ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፣ እኔ ላገባ ሆነ። ሰርጌ ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ። አክስቴ የወለደችው የላትም። የክርስትና እናቴ ናት፤ ዘመሮ ስማር፣ ቤቷ ለትምህርት ቤቱ ስለሚቀርብ፣ ስድስት ዓመት ያሳደረችኝ፣ ፀጉሬን የሠራችኝ፣ የመጀመሪያ ጫማዬን የገዛችልኝ እሷ ናት። ለሰርጌ እንድትመጣ ሄጄ ለመንኳት።

"እናትሽ በአፏ ካልጠራችኝ ዳሱን አልረግጥም" አለችኝ። "ከሩቅ ሆኜ ግን እልል እልልሻለሁ።"

ከሩቅ እልልታ ምን ይባላል! እናቴን ስለምናት ደግሞ "በሩ ክፍት ነው፣ ማን ያዛት?" አለች። ሁለት እናት እያለኝ በአንዷ ልዳር ነው ብዬ ሌሊቱን አለቀስኩ። ሲነጋ ደግሞ ድመቷ ስታዛጋ አይቼ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። በዚያ ሰሞን እንደዚያ ነበርኩ፤ ከምንም ነገር ሳቅ አላጣም። ላገባ ነበራ!

የሕማማቱ ረቡዕ እጮኛዬ መጣ። መሐል ሜዳ ከተማ አስተማሪ ነው፤ ካየኝ ወር አልፎታል። ግቢያችን እንደገባ ልማድ ሆኖበት እጁን ዘረጋልኝ። እጁ መንገድ ላይ እንዳለ ሕማማት መሆኑ ትዝ አለውና ወደ ላይ መልሶ ራሱን ማከክ ጀመረ። አባቴ ቆሞ ያያል። ልጁም እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ማከኩን ቀጠለ።

"ቅማል ነው ልጄ?" አለው አባቴ፣ ከልቡ አዝኖለት።

እየሮጥኩ ጓሮ ገብቼ ገለባው ላይ ተደፋሁ። በዚያው ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ስለ ማዳበሪያ ስብሰባ ጠርቶ ነበር፤ አንድም ሰው አልሄደለትም፣ እሱም ራሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ተገኘ። የሚያስቅ ነገር በየአቅጣጫው ነበር፤ የሚሳቅበት ሳምንት አለመሆኑ ደግሞ ሳቁን አባሰው።

ሐሙስ ጉልባን ተበላ። የተከካ ባቄላና ስንዴ አንድ ላይ ተቀቅሎ ነው፤ ጨው ጣል ይደረግበታል። እናቴ "ነገ ስግደት አለ፣ ጉልበት ይሆናል" እያለች ሁለት ሳህን በላች። አክስቴም በቤቷ ከዚያ እንዳላነሰች በማግሥቱ ታወቀ።

ለስቅለት አጥቢያ ሌሊት የበልጉ ዝናብ ወርዶ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ጭቃ አደረገው። በሌላ ዓመት እናቴ ላይኛው ጥድ ሥር፣ አክስቴ ታች በሩ አጠገብ ነበሩ የሚሰግዱት። ያን ዕለት ለሴቶች የቀረው ደረቅ ቦታ በግንቡ ጥግ ገለባ የተነሰነሰበት ብቻ ነው። አንድ ዲያቆን "ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ" እያለ ሲደረድረን፣ ቀና ብዬ ባይ በቀኜ እናቴ ናት፣ በግራዬ አክስቴ ናት። እኔ መሐል ላይ አጥር ሆኜ ቆምኩ።

ካህናቱ ጥቁር ለብሰው "ኪርያላይሶን" ይላሉ፤ ሕዝቡ እየተቀበለ በግንባሩ ይወድቃል፣ ይነሣል። መጀመሪያ ሁላችንም እኩል ነበርን። በኋላ ግን እናቴ በነጠላዋ ሥር ወደ አክስቴ ሰርቃ ስታይ አየኋት። አክስቴም ወደ እናቴ ሰርቃ ታያለች። ሕዝቡ አንድ ሲሰግድ እናቴ ሁለት ሰገደች። አክስቴ እልህ ያዛትና ሦስት። አክስቴ ሞላ ያለች ሴት ናት፤ ስትወድቅ መሬቱ ይሰማኛል። እናቴ ቀጭን ናት፤ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ትመላለሳለች። ሁለቱም ላብ በላብ ሆነው በግራና በቀኝ ሲወርዱና ሲነሡ እኔ መሐል ላይ የትኛዋን ተከትዬ እንደምሰግድ ጠፋኝ። ጌታ ይቅር ይበላቸውና፣ ጽድቅን ሽሚያ አደረጉት።

ስድስት ሰዓት ላይ ስግደቱ ቆመና የሕማሙ ንባብ ተጀመረ። ያን ያህል ሰው ግቢውን ሞልቶ ትንፋሽ አይሰማም። በዚያ ዝምታ መሐል የእናቴ ሆድ ጮኸ። ጉልባኑ ነው። ረጅም ነው፣ መጨረሻው ላይ እንደ ጥያቄ ከፍ ይላል። እናቴ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። ጥቂት ቆይቶ ከግራዬ የአክስቴ ሆድ፣ ወፈር ባለ ድምፅ፣ መለሰ። የእናቴ ሆድ እንደገና ጠየቀ። የአክስቴ ሆድ እንደገና መለሰ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ያላነጋገራቸው እህትማማቾች በሆዳቸው "እንደምን ከረምሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይባባሉ ጀመር፤ ያውም በሕማማት!

ነጠላዬን ነከስኩ። ስለ ጌታ ችንካር ላስብ ሞከርኩ፣ ስለ እመቤታችን ለቅሶ ላስብ ሞከርኩ። ከዚያ አባቴ "ቅማል ነው ልጄ?" ያለው ትዝ አለኝና አለቀልኝ። ንባቡ አብቅቶ "ኪርያላይሶን" ሲባል ከሁሉ ቀድሜ በግንባሬ ተደፋሁ፤ አልተነሣሁም። አፌን ገለባው ውስጥ ቀብሬ፣ ትከሻዬ እየተርገፈገፈ ሳቅሁ።

ከኋላዬ አንዲት አሮጊት "ወይ አንጀት! እንዴት ብታለቅስ ነው!" አሉ። ጥቂት ቆይተው ግን "ኧረ ልጅቷን! ኧረ ወደቀች!" ብለው ጮኹ።

እናቴ ከቀኝ፣ አክስቴ ከግራ፣ ሊያነሡኝ እኩል ተወረወሩ። ልክ ከጀርባዬ በላይ ግንባር ለግንባር ተላተሙ። እንደ ቅል የጮኸ ነገር ሰማሁ፤ ቀና ስል እናቴ ግንባሯን ይዛ ተቀምጣለች።

"እኔን! እኔን እህቴን! እኔን ያስቀድመኝ!" አለች አክስቴ። የእናቴን ራስ በሁለት እጇ ያዘችና የተመታውን ሳመች። እናቴም ልማድ ነውና ጉንጯን ሰጠች። ቀኝ ተሳሳሙ፣ ግራ ተሳሳሙ፣ እንደገና ወደ ቀኝ ሲመለሱ ሁለቱም ደርቀው ቀሩ።

"ኧረ ሕማማት ነው!" አሉ አሮጊቷ።

እናቴ አፏን በእጇ ሸፈነች። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላም ማለት ሲፈቀድላቸው ዘግተውት፣ በተከለከለባት ሳምንት፣ ያውም በስቅለት ዓርብ፣ ሕዝብ ፊት ተሳሳሙ። እኔ ተመልሼ ገለባው ላይ ተደፋሁ። ያን ጊዜ ግን ሳቁም ለቅሶውም አንድ ላይ ነበር የሚወጣኝ።

ወደ ማታ፣ ስግደቱ ሲያበቃ፣ ሁሉም በካህናቱ ፊት እየቀረበ የሳምንቱን ጥፋቱን ይናገራል፤ ካህኑ ጀርባውን በወይራ ቅጠል መታ መታ አድርገው ተጨማሪ ስግደት ያዙታል። የነፍስ አባታችን መምሬ ፊት ሦስታችንም ተሰለፍን። እነዚያን ሽማግሎች ሦስቱንም ጊዜ የላኩት እሳቸው ናቸው።

"ምን አጠፋችሁ?" አሉ፣ እንዳላዩ ሆነው።

"ሳምኳት አባቴ" አለች እናቴ።

"እኔ ነኝ የቀደምኩ አባቴ" አለች አክስቴ።

መምሬ ጢማቸውን ያዙ። ጢማቸው ግን አልያዝ አለ፤ ይንቀጠቀጣል። "ለተሳሳማችሁበት አርባ አርባ ስገዱ፣ ጎን ለጎን" አሉ። በወይራውም መታ መታ አደረጓቸው። "ሦስት ዓመት ላልተሳሳማችሁበት ስንት እንደማዝዝ አላውቅም። እሱን ለእሁድ ትቼዋለሁ።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ የሳቅሽው መቶ!"

ጎን ለጎን ሰገዱ። አክስቴ ሠላሳ ላይ ስትደርስ ጉልበቷ እምቢ አለ። እናቴ ምንም ሳትናገር ክንዷን ይዛ አሥሩን አስጨረሰቻት። ሲያበቁ ሳይተያዩ፣ አንዷ ወደ ላይ፣ አንዷ ወደ ታች ሄዱ። ሕማማት ነው፣ ምን ይባላል።

ቅዳሜ እናቴ ግንባሯ አብጦ ዋለ። "ለሰርጉ ትመጣለች ብለሽ ነው?" ብላት "ምን አውቄ" አለችኝ። "ራሴን ስለሰበረች ደንግጣ ነው የሳመችኝ።" ይህን ስትል እብጠቱን በጣቷ ትዳስሰው ነበር።

በትንሣኤው ቅዳሴ አክስቴ አልነበረችም። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ በሴቶቹ መሐል አንገቷን ስታስግግ አደረች። ቤት ስንመለስ አባቴ በጉን አርዶ፣ ዶሮው ቀርቦ፣ ሁላችን ስንፈስክ እሷ እጇን አልሰነዘረችም።

"አልራበኝም" አለች።

"ሃምሳ አምስት ቀን ጾመሽ?" አለ አባቴ።

እናቴ ደጅ ደጁን ታያለች። እኔም እጄን ከመሶቡ ሰበሰብኩ። በሳምንቱ ሙሽራ ነኝ፤ ያቺ ሴት ከሩቅ ሆና እልል ስትልልኝ ታየኝ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ፀጉሬን የነካ እጇ ታየኝ። ከዚያ ወዲያ የሚያስቅ ነገር አላገኘሁም።

ፀሐይ ወጥታ ውርጩ ከገብሱ ላይ ሲለቅ፣ ከአጥሩ ማዶ የአክስቴን ነጠላ አየሁ። ዱላ ይዛ፣ ቀኝ እግሯን እየጎተተች ቀስ በቀስ ትመጣለች። ከቤቷ እስከ ቤታችን የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ በዚያ ጉልበት መቼ እንደተነሣች እግዜር ይወቅ። እናቴ ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። አክስቴም በሩ ላይ ቆመች። አንዳቸውም ፈቅ አላሉም። ደግሞ ማን ይቅደም ሊሉ ነው አልኩ።

"እኔ ዓርብ ዕለት ቀድሜሻለሁ" አለች አክስቴ። "አሁን ያንቺ ተራ ነው።"

እናቴ ሮጠች። "እትዬ" አለች፣ ሦስት ዓመት ከአፏ ያልወጣ ቃል። ተደፍታ እህቷን ጉልበቷን ሳመች፣ እዚያው ቀረች። "ለልጃችን ሰርግ ነይልኝ። አንቺ ከሌለሽ አልድራትም" ትላለች እያለቀሰች፣ ድምጿ በአክስቴ ቀሚስ ታፍኖ።

"ተነሽ እንጂ!" አለች አክስቴ። "ፋሲካ ገብቷል፣ በሃምሳው ቀን ስግደት የለም! ተነሽ፣ አንቺ ልጅ!"

እናቴ ግን አልተነሣችም። አክስቴ ግራ ቀኝ አየች፣ እኔን አየችኝ፣ ዱላውን ጣለችና ያንን የታመመ ጉልበቷን እያጠፈች እሷው ወደ እናቴ ወረደች።